ጉልበታቸው በተጨመረ የቱርቦ ሞተሮች ላይ የካንዴላ አመራረጥ፦ የሙቀት ደረጃንና የክፍተትን ውሳኔ ለያይቶ ማየት

አኅጽሮተ ጥናት

የቤንዚን ሞተር ጉልበት በቱርቦ ሲጨመር የካንዴላው ምርጫ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቁጥር፣ ማለትም በፈረስ ጉልበት ብቻ ሲወሰን ይታያል። ይህ ጽሑፍ ምርጫው ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎችን እንደሚይዝ ያስረዳል። የሙቀት ደረጃው የሚከተለው እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚያመነጨውን ሙቀት ነው፤ የኤሌክትሮዶቹ ክፍተት ግን የሚከተለው ብልጭታው በሚፈጠርበት ቅጽበት በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን የጋዝ እፍግታ ነው። የቶዮታ 2ጄዜድ-ጂቲኢ ሞተርን በማሳያነት በመውሰድ በፍጹም ግፊት፣ በማቀጣጠያ ጊዜና በቦታ ከፍታ ላይ የተመሠረተ ቀላል የክፍተት ስሌት ቀርቧል። ስሌቱ በባሕር ወለል ላይ የተሠራ የክፍተት ልክ ለአዲስ አበባ እንዳለ ሊቀዳ እንደማይገባውም ያሳያል።

ቁልፍ ቃላት፦ ካንዴላ፣ የሙቀት ደረጃ፣ የኤሌክትሮድ ክፍተት፣ ቱርቦ፣ ፍጹም ግፊት፣ የቦታ ከፍታ

1. መግቢያ

የሮበርት ቦሽ ኩባንያ መሐንዲስ ጎትሎብ ሆኖልድ እ.ኤ.አ. በ1902 የከፍተኛ ቮልቴጅ ማግኔቶንና ለእርሱ የሚስማማውን ካንዴላ ለአገልግሎት ካበቃ ወዲህ የካንዴላ መሠረታዊ ቅርጽ ብዙም አልተለወጠም። ዛሬም ቢሆን ካንዴላ ማለት የብረት አካል፣ የሴራሚክ ማገጃ፣ ማዕከላዊ ኤሌክትሮድና የጎን ኤሌክትሮድ ማለት ነው። የተለወጠው የሚሠራበት ሁኔታ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ለ320 የፈረስ ጉልበት የተሰናዳ ሞተር በትልቅ ቱርቦ፣ በሰፋፊ ኢንጀክተሮችና በአዲስ የኮምፒውተር ቅንብር 600 የፈረስ ጉልበት ሲያወጣ፣ ካንዴላው ከፋብሪካው ግምት በእጅጉ የሚበልጥ ሙቀትና ግፊት ይጋፈጣል።

ስህተቱ የሚያስከፍለው ዋጋም ቀላል አይደለም። ከሚገባው በላይ የሚሞቅ ካንዴላ ነዳጁ ብልጭታው ሳይደርስ እንዲቀጣጠል በማድረግ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ፒስተን ሊያቀልጥ ይችላል። ክፍተቱ ከሚገባው በላይ የሰፋ ካንዴላ ደግሞ በከፍተኛ ግፊት ላይ ብልጭታ ይነሳዋል፤ ያልተቃጠለው ነዳጅም ወደ ጭስ ማውጫው ወጥቶ በዚያ ይቃጠላል፣ ቱርቦውንም ይጎዳል። ሁለቱ ብልሽቶች ምንጫቸውም መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው። ሆኖም በተግባር «ጉልበት ከጨመርህ ቀዝቃዛ ካንዴላ አድርግ፣ ክፍተቱንም አጥብብ» በሚል አንድ ምክር ተጠቃለው ይታለፋሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ምክር ለሁለት ከፍሎ እያንዳንዱን ክፍል ከራሱ ምክንያት ጋር ማገናኘት ነው።

2. የሙቀት ደረጃ

2.1 ምንነቱ

የሙቀት ደረጃ ማለት ካንዴላው ከጫፉ የሚቀበለውን ሙቀት ወደ ቴስታታው የሚያስተላልፍበት ፍጥነት ነው። አብዛኛው ሙቀት ከማገጃው ወደ ብረቱ አካል፣ ከዚያም በጥርሱና በሮንዴላው በኩል ወደ ቴስታታው፣ በመጨረሻም ወደ ማቀዝቀዣው ውኃ ይሄዳል። የማገጃው አፍንጫ ረጅም ሲሆን የሙቀቱ መንገድ ስለሚረዝም ካንዴላው «ሙቅ» ይባላል፤ አጭር ሲሆን «ቀዝቃዛ» ይባላል።

የካንዴላው ጫፍ ሊቆይበት የሚገባው ወሰን በግምት ከ500 እስከ 850 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ከታችኛው ወሰን በታች ሲሆን ጥቀርሻው ስለማይቃጠል በማገጃው ላይ ይጋገራል፤ ኤሌክትሪኩም ክፍተቱን ሳይዘል በጥቀርሻው ላይ ያመልጣል። ከላይኛው ወሰን ሲያልፍ ደግሞ ጫፉ ራሱ ማቀጣጠያ ይሆናል። ኤንጂኬ የተባለው አምራች አንድ የሙቀት ደረጃ መቀየር የጫፉን ሙቀት ከ70 እስከ 100 ዲግሪ ያህል እንደሚለውጥ ይገልጻል።

እዚህ ላይ መታረም ያለበት የተለመደ ግንዛቤ አለ። ቀዝቃዛ ካንዴላ የቃጠሎውን ሙቀት አይቀንስም፤ የሚቀንሰው የራሱን የጫፍ ሙቀት ብቻ ነው። ስለዚህም ቀድሞ መቀጣጠልንና መንኳኳትን መለየት ያስፈልጋል። ቀድሞ መቀጣጠል ከብልጭታው በፊት በጋለ ነገር ምክንያት የሚጀምር ቃጠሎ ነው። መንኳኳት ግን ከብልጭታው በኋላ፣ ነበልባሉ ገና ያልደረሰበት የጋዝ ክፍል በግፊትና በሙቀት ብዛት በራሱ ሲፈነዳ የሚከሰት ነው። የመጀመሪያውን ቀዝቃዛ ካንዴላ ሊያስቀረው ይችላል። የሁለተኛው መፍትሔ ግን የማቀጣጠያ ጊዜን ማዘግየት፣ የተሻለ ኦክቴን፣ የሚገባውን አየር ማቀዝቀዝና የነዳጅና የአየር ድብልቁን ማስተካከል ነው። የሚያንኳኳ ሞተር ላይ ደረጃ በደረጃ ቀዝቃዛ ካንዴላ እየቀያየሩ መቆየት በሽታውን ትቶ ምልክቱን ማከም ይሆናል። ለረጅም ጊዜ የቀጠለ መንኳኳት የካንዴላውን ጫፍ አግሎ ወደ ቀድሞ መቀጣጠል ሊያደርስ እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም።

2.2 የፈረስ ጉልበት ደንቡ

በአምራቾች ዘንድ የታወቀው የመነሻ ደንብ፣ በተጨመረ በየ75 እስከ 100 የፈረስ ጉልበት አንድ ደረጃ ቀዝቃዛ ካንዴላ መውሰድ የሚል ነው። ደንቡ ጠቃሚ ቢሆንም ጉልበቱ በስንት ሲሊንደር እንደሚካፈል አይጠይቅም። 280 የፈረስ ጉልበት ቢጨመር በአራት ሲሊንደር ሞተር ለእያንዳንዱ ሲሊንደር 70፣ በስድስት ሲሊንደር 47፣ በስምንት ሲሊንደር ደግሞ 35 ይደርሳል። አንድ ካንዴላ የሚያውቀው የራሱን ሲሊንደር ሙቀት ብቻ ስለሆነ ሦስቱ ሞተሮች እኩል ደረጃ ሊያስፈልጋቸው አይችልም።

የ2ጄዜድ-ጂቲኢን ሁኔታ እንመልከት። ይህ ሞተር በቶዮታ ሱፕራ ኤ80 ላይ የታወቀ፣ ስድስት ሲሊንደሮቹ በአንድ መስመር የተደረደሩ፣ 2997 ሲሲ ይዘት ያለው ነው። የሲሊንደሩ ስፋትም ሆነ የፒስተኑ ጉዞ 86 ሚሊ ሜትር ሲሆን የማመቅ ምጥጥኑ 8.5 ለ1 ነው። ከፋብሪካ የሚመጣበት ካንዴላ በኤንጂኬ አቆጣጠር 6፣ በዴንሶ አቆጣጠር 20 ነው። ከ320 ወደ 600 የፈረስ ጉልበት ሲያድግ ደንቡ በቀጥታ ቢተገበር ሦስት ደረጃ ያህል፣ ማለትም ወደ 9 ይወስደናል። ጭማሪው ለስድስት መከፈሉን ከግምት ካስገባን ግን 9 ቁጥር የመጀመሪያ ምርጫ ሳይሆን የላይኛው ጠርዝ ይሆናል። ለመንገድም ለውድድርም የሚነዳ ተሽከርካሪ በ8 ቁጥር ጀምሮ በምርመራ ማረጋገጡ የተሻለ ነው። ከሁለት ደረጃዎች መካከል ጥርጣሬ ሲኖር ቀዝቃዛውን መምረጥ ይገባል። የቀዝቃዛው ስህተት በጥቀርሻ የተሸፈነ ካንዴላ ሲሆን የሙቁ ስህተት የቀለጠ ፒስተን ነውና።

የቁጥር አሰጣጡም ጥንቃቄ ይሻል። በኤንጂኬና በዴንሶ ቁጥሩ ሲያድግ ካንዴላው እየቀዘቀዘ ይሄዳል። በቦሽና በቻምፒዮን ግን ተቃራኒው ነው፤ ትንሹ ቁጥር ቀዝቃዛውን ያመለክታል። አንዱን አምራች በሌላው የሚተካ ሰው የማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ ሳያይ ቁጥር ብቻ ቢከተል የፈለገውን ተቃራኒ ሊገጥም ይችላል።

3. የክፍተት ውሳኔ

3.1 መሠረተ ሐሳብ

ፍሪድሪክ ፓሸን እ.ኤ.አ. በ1889 እንዳሳየው፣ በሁለት ኤሌክትሮዶች መካከል ብልጭታ ለመፍጠር የሚያስፈልገው ቮልቴጅ በጋዙ ግፊትና በክፍተቱ ርቀት ብዜት ላይ የተመሠረተ ነው። የጋዙ ሙቀት በሚለዋወጥበት ሁኔታ ግፊት የሚለው በእፍግታ ይተካል። በካንዴላ የሥራ ክልል ውስጥ ግንኙነቱ ወደ ቀጥታ መስመር የቀረበ በመሆኑ፣ እፍግታው በእጥፍ ሲያድግ አንድ ዓይነት ክፍተት የሚጠይቀው ቮልቴጅም ወደ እጥፍ ይጠጋል። ቦቢናው ሊሰጥ የሚችለው ቮልቴጅ ግን ወሰን አለው፤ በዘመናዊ ቦቢናዎች ከ30 እስከ 40 ኪሎ ቮልት ገደማ ነው። ጥያቄው ከአቅርቦቱ ሲበልጥ ብልጭታው ይቀራል፣ ወይም በማገጃው ውጫዊ ገጽና በጎማ ሽፋኑ በኩል ሌላ መንገድ ይፈልጋል።

ክፍተትን ማጥበብ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ጠባብ ክፍተት ላይ የሚወለደው ትንሽ ነበልባል በሁለቱ ኤሌክትሮዶች መካከል ተጣብቆ ሙቀቱን ለብረቱ ስለሚያስረክብ ሊጠፋ ይችላል። ነገር ግን ነበልባል የሚጠፋበት ርቀት ግፊት ሲጨምር ያጥራል። ስለዚህ በሙሉ የቱርቦ ግፊት ላይ 0.65 ሚሊ ሜትር የሚበቃ ክፍተት ነው፤ ችግሩ የሚታየው ሞተሩ ያለ ጭነት ሲዞርና በቀላል ጭነት ሲነዳ ነው። የክፍተት ምርጫ እንግዲህ በሙሉ ጭነት የማይከሽፈውን ትልቁን ክፍተት መፈለግ ማለት ነው።

3.2 በግፊት ላይ የተመሠረተ ስሌት

ፋብሪካው የመረጠው ክፍተት ለፋብሪካው ቦቢና በቂ መሆኑ የተረጋገጠ ስለሆነ እንደ መነሻ ሊወሰድ ይችላል። የሚፈለገው ቮልቴጅ ባለበት እንዲቆይ አዲሱ ክፍተት የፋብሪካው ክፍተት በአሮጌው ፍጹም ግፊት ተባዝቶ ለአዲሱ ፍጹም ግፊት የተካፈለ ይሆናል። ፍጹም ግፊት ማለት ጌጁ የሚያሳየው የቱርቦ ግፊት ከከባቢ አየር ግፊት ጋር ሲደመር ነው።

የ2ጄዜድ-ጂቲኢ የፋብሪካ ክፍተት 1.1 ሚሊ ሜትር፣ የፋብሪካ የቱርቦ ግፊቱም 0.75 ባር ገደማ ነው። በባሕር ወለል ላይ ፍጹም ግፊቱ 1.76 ባር ይሆናል። ከዚህ በመነሣት የሚከተለው ይገኛል።

ሠንጠረዥ 1፦ በባሕር ወለል ላይ የተሰላ ክፍተት
የጌጅ ግፊት 1.0 ባር፣ ፍጹም ግፊት 2.01 ባር፣ ክፍተት 0.96 ሚሊ ሜትር
የጌጅ ግፊት 1.5 ባር፣ ፍጹም ግፊት 2.51 ባር፣ ክፍተት 0.77 ሚሊ ሜትር
የጌጅ ግፊት 2.0 ባር፣ ፍጹም ግፊት 3.01 ባር፣ ክፍተት 0.64 ሚሊ ሜትር

ስሌቱ የሚገባው አየር ሙቀት እንዳልተለወጠ ይወስዳል። ኢንተርኩለሩ ደካማ ሆኖ አየሩ ከ40 ወደ 60 ዲግሪ ቢሞቅ እፍግታው በ6 ከመቶ ያህል ይቀንሳል። ይህ ለብልጭታው ቅለት ቢሰጥም ካንዴላውን ያግለዋል፣ መንኳኳትንም ያቀርባል። አንድ ለውጥ አንዱን ጫና ሲያቀል ሌላውን ማክበዱ ሁለቱን ውሳኔዎች ለያይቶ የማየትን አስፈላጊነት ያጎላል።

3.3 የማቀጣጠያ ጊዜ ድርሻ

በተግባር ብዙ ባለሙያዎች 1.5 ባር ላይ የሚመርጡት ክፍተት ከ0.77 ሚሊ ሜትር ያነሰ፣ ብዙውን ጊዜ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱን በልማድ ብቻ ማስረዳት አይገባም፤ የማቀጣጠያ ጊዜ ግልጽ ምክንያት ይሰጣል። የቱርቦ ግፊት ሲጨመር መንኳኳትን ለመከላከል ብልጭታው ይዘገያል። ሲዘገይ ፒስተኑ ወደ ላይኛው ማቆሚያ ነጥብ ይበልጥ ቀርቦ ይገኛል፤ ጋዙም ይበልጥ ታምቋል።

የዚህን ሞተር የፒስተን ጉዞና 142 ሚሊ ሜትር የሆነውን የፒስተን ዘንግ ርዝመት በመጠቀም በየማዕዘኑ ያለውን የሲሊንደር ይዘት ማስላት ይቻላል። ብልጭታው ከላይኛው ማቆሚያ ነጥብ 25 ዲግሪ ቀድሞ ሲሆን ይዘቱ የትንሹ ይዘት 1.45 እጥፍ ነው፤ 15 ዲግሪ ቀድሞ ሲሆን ግን 1.17 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ብልጭታውን ከ25 ወደ 15 ዲግሪ ማዘግየት ብቻውን፣ የቱርቦ ግፊቱ ሳይነካ፣ እፍግታውን በ25 ከመቶ ገደማ ያሳድጋል። በሠንጠረዥ 1 የተገኘው 0.77 ለ1.25 ሲካፈል 0.62 ሚሊ ሜትር ይሰጣል፤ ይህም ባለሙያዎቹ በልምድ ከደረሱበት ክልል ውስጥ ይወድቃል።

የዚህ ተግባራዊ ትርጉም ግልጽ ነው። በቅንብር ሂደት ውስጥ ብልጭታው በተዘገየ ቁጥር የክፍተቱ ስሌት እንደገና መታየት አለበት። የተሻለ ኦክቴን ያለው ነዳጅ ተገኝቶ ብልጭታው ቢቀድም ደግሞ ክፍተቱን መልሶ ማስፋት ይቻላል። የማመቅ ምጥጥን ለውጥም በዚሁ መንገድ ይታያል፤ ከ8.5 ወደ 9.5 ሲያድግ በላይኛው ማቆሚያ ነጥብ ላይ ያለው እፍግታ በ12 ከመቶ ያህል ይጨምራል።

4. የቦታ ከፍታ

እስካሁን የቀረበው ስሌት በባሕር ወለል ላይ የቆመ ነው፤ በየአገሩ የሚሰራጩት የቅንብር ምክሮችም በአብዛኛው እንዲሁ ናቸው። አዲስ አበባ ግን በ2350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የከባቢ አየር ግፊቷም 0.77 ባር ያህል ነው። ጌጁ የሚያሳየው ከከባቢ አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ስለሆነ፣ በሁለቱ ቦታዎች አንድ ዓይነት ንባብ አንድ ዓይነት ፍጹም ግፊት ማለት አይደለም።

ሠንጠረዥ 2፦ በአዲስ አበባ የተሰላ ክፍተት
የጌጅ ግፊት 1.0 ባር፣ ፍጹም ግፊት 1.77 ባር፣ ክፍተት 1.09 ሚሊ ሜትር
የጌጅ ግፊት 1.5 ባር፣ ፍጹም ግፊት 2.27 ባር፣ ክፍተት 0.85 ሚሊ ሜትር
የጌጅ ግፊት 2.0 ባር፣ ፍጹም ግፊት 2.77 ባር፣ ክፍተት 0.70 ሚሊ ሜትር

ከሠንጠረዡ ሦስት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ በአዲስ አበባ ጌጁ 1.0 ባር ሲያሳይ ፍጹም ግፊቱ በባሕር ወለል ላይ ካለው የፋብሪካ ሁኔታ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ የማቀጣጠያ ጊዜው ካልተለወጠ በቀር የፋብሪካውን ክፍተት ለመቀነስ ምክንያት የለም። ያለ ምክንያት ማጥበብ ሞተሩ ያለ ጭነት ሲዞር እንዲንገጫገጭ ከማድረግ የዘለለ ጥቅም አይኖረውም።

ሁለተኛ፣ በአዲስ አበባ በልኩ የተሠራ ሞተር ወደ ቆላ ሲወርድ ልኩ ይለወጣል። የቱርቦው ግፊት በስፕሪንግ ኃይል በሚሠራ ዌስትጌት ብቻ የሚገደብ ከሆነ፣ 1.5 ባር ላይ የተወሰነ ሞተር እስከ ጅቡቲ ወደብ ቢወርድ ፍጹም ግፊቱ ከ2.27 ወደ 2.51 ባር፣ ማለትም በ11 ከመቶ ያህል ያድጋል። ቦቢናው በወሰኑ አቅራቢያ ይሠራ ከነበረ ይህ ጭማሪ ብልጭታውን ሊያስቀር ይበቃል። ስለዚህ ክፍተቱ ተሽከርካሪው በሚደርስበት ዝቅተኛ ቦታ ልክ መሰላት ይኖርበታል። ኮምፒውተሩ ፍጹም ግፊትን እየለካ ቱርቦውን የሚቆጣጠር ከሆነ ግን ይህ ችግር አይነሣም።

ሦስተኛ፣ ከፍታው ብልጭታውን ቢያቀልም ቱርቦውን ያደክመዋል። 1.5 ባር ለማሳየት ቱርቦው አየሩን በባሕር ወለል ላይ 2.5 እጥፍ ሲያምቅ በአዲስ አበባ 2.9 እጥፍ ያህል ማመቅ አለበት። አየሩ ይበልጥ ይሞቃል። ስለዚህ በክፍተት በኩል የተገኘው ቅለት በሙቀት ደረጃ ምርጫ ላይ መዘናጋትን አይፈቅድም።

5. ቁስና አገጣጠም

«የመዳብ ካንዴላ» የሚለው የተለመደ አጠራር አሳሳች ነው። በዚህ ስም የሚጠራው ካንዴላ ጫፉ ኒኬል ሲሆን መዳቡ በውስጥ ሙቀት ለማስተላለፍ የገባ ነው፤ የኢሪዲየም ካንዴላዎችም በአብዛኛው የመዳብ ልብ አላቸው። ልዩነቱ ጫፉ ላይ ነው። ኒኬል በ1455፣ ፕላቲነም በ1768፣ ኢሪዲየም ደግሞ በ2446 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀልጣሉ። ኢሪዲየም ጥንካሬው ጫፉን እስከ 0.4 ወይም 0.6 ሚሊ ሜትር ለማቅጠን ያስችላል፤ በቀጭን ጫፍ ላይ የኤሌክትሪክ መስኩ ስለሚጠናከር የሚያስፈልገው ቮልቴጅ ይቀንሳል። ኒኬል በፍጥነት ቢያልቅም ርካሽ ነው፤ በየውድድሩ ለሚቀየር ሞተር አይናቅም። ወሳኙ ነገር ጠርዙ የተሞረደ ኤሌክትሮድ ሳይቀየር እንዳይቆይ ነው፤ ጠርዙ ሲከብብና ክፍተቱ ሲሰፋ የሚጠይቀው ቮልቴጅ ያድጋልና።

የጥርሱ ርዝመት ከቴስታታው ጋር መመጣጠን አለበት። ረጅም ጥርስ ፒስተኑን ሊነካ፣ ወደ ማቃጠያው ክፍል የወጣው ጥርስም ሊግል ይችላል። ኮምፒውተሩን ከኤሌክትሪክ ረብሻ ለመጠበቅ በውስጡ ተቃዋሚ ያለው ካንዴላ መምረጥ ይገባል። ባለ 14 ሚሊ ሜትር፣ ሮንዴላ ያለው ካንዴላ በአሉሚኒየም ቴስታታ ላይ ከ25 እስከ 30 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል። የላላ ካንዴላ ሙቀቱን ማስተላለፍ ስለማይችል፣ በትክክል የተመረጠ ቀዝቃዛ ካንዴላ እንኳ በአጠባበቅ ጉድለት ሙቅ ሊሆን ይችላል። ክፍተት ሲስተካከል የሚታጠፈው የጎን ኤሌክትሮድ ብቻ ነው፤ የኢሪዲየሙ ጫፍ በመሣሪያ ከተነካ በቀላሉ ይሰበራል።

6. ማረጋገጫ

ስሌቱ መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለም። የኤሌክትሮዱ ሙቀትና ቅርጽ፣ የድብልቁ ቅጥነት፣ የቦቢናው እድሜና የባትሪው ቮልቴጅ በውጤቱ ላይ ይጨመራሉ። ስለዚህ ሁለቱ ውሳኔዎች በሁለት የተለያዩ ምርመራዎች ይረጋገጣሉ።

የሙቀት ደረጃው የሚመረመረው ሞተሩ በሙሉ ጭነት ከሠራ በኋላ ያለ ጭነት ሳይቆይ ወዲያው ጠፍቶ ካንዴላው ሲወጣ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥቀርሻ ካንዴላው መቀዝቀዙን ወይም ድብልቁ በነዳጅ መብዛቱን ያሳያል። የነጣና አረፋ ያወጣ ማገጃ፣ የተሞረደ ወይም የቀለጠ ኤሌክትሮድ ከመጠን ያለፈ ሙቀትን ያመለክታል። በማገጃው ላይ የሚታዩ የሚያብረቀርቁ የአሉሚኒየም ቅንጣቶች ግን ከፒስተኑ የመጡ በመሆናቸው፣ ካንዴላ መቀየርን ሳይሆን ሞተሩን ማቆምን ይጠይቃሉ። ቀለም በነዳጁ ዓይነት ስለሚለዋወጥ ንባቡ ከጭስ ማውጫው የኦክስጅን መለኪያ ጋር መመሳከር አለበት።

የክፍተቱ ምርመራ ሞተሩ ከፍተኛ ጉልበት የሚያወጣበትን ሳይሆን ከፍተኛ ጠመዝማዥ ኃይል የሚሰጥበትን የዙር ፍጥነት ማዕከል ያደርጋል፤ ሲሊንደሩ ይበልጥ የሚሞላው በዚያ ነውና። በዚያ ክልል ሞተሩ ቢንገጫገጭ፣ በቀላል ጭነት ግን ጤነኛ ቢሆን፣ ጥርጣሬው በቅድሚያ በክፍተቱና በቦቢናው ላይ ይወድቃል። ክፍተቱ በ0.1 ሚሊ ሜትር ሲጠብ ችግሩ ከጠፋ ምክንያቱ ተረጋግጧል። ክፍተቱ ከ0.5 ሚሊ ሜትር በታች እስኪወርድ ድረስ ማጥበብ ካስፈለገ ግን መለወጥ ያለበት ካንዴላው ሳይሆን ቦቢናው ነው።

7. ማጠቃለያ

የሙቀት ደረጃ የሙቀት ጥያቄ ነው፤ መልሱም በየሲሊንደሩ በሚመነጨው ጉልበት ይፈለጋል። ክፍተት የኤሌክትሪክ ጥያቄ ነው፤ መልሱም በብልጭታው ቅጽበት ባለው የጋዝ እፍግታ፣ ማለትም በፍጹም ግፊት፣ በማመቅ ምጥጥንና በማቀጣጠያ ጊዜ ይፈለጋል። ሁለቱን በአንድ የፈረስ ጉልበት ቁጥር መወሰን እኩል ጉልበት ያላቸውን ሁለት የተለያዩ ሞተሮች እንደ አንድ መቁጠር ነው። በከፍታ ቦታ ለሚሠራ ባለሙያ ደግሞ የመጀመሪያው እርምጃ ከሌላ አገር የመጣውን ልክ ከመቀበል በፊት የአካባቢውን የአየር ግፊት በጌጁ ንባብ ላይ መደመር ነው። ቀጣይ ጥናት ቢደረግ፣ በአዲስ አበባና በቆላማ አካባቢ አንድ ሞተር እየተነዳ የሚጠየቀው ቮልቴጅ በቀጥታ ቢለካ፣ እዚህ በስሌት የቀረበው ግንኙነት በመለኪያ ሊፈተን ይችላል።